ኩፍኝ አንዱን ልጅ ገድሎ ሌላውን ለምን ይተዋል?

ስለ ኩፍኝ ወሬ በተነሣ ቍጥር «እሱ በሁሉም ልጅ ላይ ይወጣል፤ ወጥቶም ይሄዳል» የሚል ሰው አይታጣም። አነጋገሩ ሐሰት አይደለም። ብዙውን ጊዜ በእርግጥ ወጥቶ ይሄዳል። ነገር ግን ይህ አባባል አንድ ትልቅ ነገር ይሸፍናል። ይኸውም ኩፍኝ ምግብና ሕክምና በተሟላበት አገር ከያዛቸው ሺህ ልጆች መካከል አንዱን ወይም ሦስቱን ሲገድል፣ ረኀብ በገባበት ሰፈር ግን ከመቶው አሥሩን፣ አንዳንድ ጊዜም ሠላሳውን ይገድላል። ቫይረሱ ያው ነው። ገለጉ የሚገባው ኩፍኝና ለንደን የሚገባው ኩፍኝ የአንድ ዘር ልጆች ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ከወዴት መጣ?

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ቫይረስ ለመጻፍ ምን አገባው የሚል ጓደኛ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። የዚህ ጕዳይ ግማሹ የሐኪም ሲሆን የቀረው ግማሽ የእህል፣ የገበያ፣ የመኖሪያ ቤትና የልማድ ጕዳይ ነው። እሱን ደግሞ የሕክምና ተማሪዎች ብቻቸውን እንዲሸከሙት መተው ደግ አይደለም፤ ያለዚያም ሥራ በዝቶባቸዋል።

ሩቅ ሳንሄድ ከድንበራችን ማዶ እንጀምር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው ወገኖቻችን ከትግራይ እየተነሡ በእግራቸው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ። ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ዋድ ኮሊ ይባል ነበር። በዚያ ሰፈር ኩፍኝ ገባ። በኩፍኝ ታመው ከተመዘገቡት ሕፃናት ከመቶው ወደ ሠላሳ የሚጠጉት ሞቱ። እነዚህ ልጆች መንገድ ላይ ሳሉ ሰውነታቸው አልቆ ነበር፤ ኩፍኙ የመጨረሻውን ምት ብቻ ነው የመታቸው።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. ድርቅ፣ ያው ታሪክ በጎዴ ተደገመ። በዚያ ወረዳ በኅዳርና በሐምሌ መካከል በነበሩት ወራት የሞቱትን ሰዎች ከየቤቱ ጠይቀው የቈጠሩ ሐኪሞች ነበሩ። ከ5 ዓመት በታች ከነበሩት 159 ሟቾች መካከል 35ቱን የገደለው ኩፍኝ ብቻውን ወይም ኩፍኝና የሰውነት መክሳት ተባብረው ነው። ከዚህ የበለጠ የገረመኝ ግን ሌላው ቍጥር ነው። ከ5 እስከ 14 ዓመት ከነበሩት 72 ሟቾችም 12ቱ በዚሁ ምክንያት ሞተዋል። አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ በደኅና ጊዜ ኩፍኝ አይገድለውም ይባላል። በረኀብ ጊዜ ግን ይህ ደንብ አይሠራም።

ለነገሩ ረኀብና ቫይረስ በአገራችን የቆየ ባልንጀርነት አላቸው። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉትን፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የቆየውን ዘመን የጀመረው የከብት በሽታ ነበር። ያ በሽታ በምጽዋ በኩል ከመጡ ከብቶች ጋር የገባ ሲሆን ራሱም ቫይረስ ነው። በሬው አለቀ፤ እርሻው ቆመ፤ ሰው ተራበ፤ በተራበው ሕዝብ ላይ ደግሞ ፈንጣጣና ሌላ ልዩ ልዩ ወረርሽኝ ወረደበት። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ በወደቁ ጊዜ አገሩ በዚህ መከራ ውስጥ ነበር። ዛሬ መተማ ዮሐንስ ብለን ስንጠራ የምናስታውሰው ጦርነቱን ነው፤ ረኀቡንና በሽታውን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። ኩፍኝ በትንፋሽ ገብቶ በመጀመሪያ የሚያጠቃው ሰውነትን እንዲጠብቁ የተመደቡትን የደም ሕዋሳት ነው። ዘበኛውን አስሮ ቤት እንደሚዘርፍ ሌባ ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የሳንባን፣ የአንጀትንና የዐይንን ሽፋን ይልጣል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ልጁን የሚገድለው ሽፍታው ሳይሆን ሽፍታው ሊጠፋ ሲል የሚመጣው የሳንባ ምች ወይም ተቅማጥ ነው። ዘመድም «ከኩፍኙ ድኖ ነበር፤ ሌላ በሽታ ወሰደው» ይላል። ሌላ በሽታ አይደለም። ኩፍኙ በሩን ከፍቶለት የገባ ነው። ከዚህም በላይ ኩፍኝ ሰውነት ቀደም ሲል ስለ ሌሎች በሽታዎች የተማረውን ትምህርት ስለሚያስረሳው፣ ልጁ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ለሌላ በሽታ የተጋለጠ ሆኖ ይቈያል።

የተላጠውን ሽፋን መልሶ ለመሥራት ሰውነት ከሚያስፈልጉት ነገሮች ዋናው ቪታሚን ኤ ነው። ቪታሚን ኤ የሚከማቸው በጉበት ውስጥ ነው፤ ጉበት ጎተራው ነው ማለት ነው። ጎተራው የሞላለት ልጅ በበሽታው ጊዜ ከዚያ እያወጣ ይጠግናል። ጎተራው ባዶ የሆነበት ልጅ ግን ኩፍኝ ያለችውን ጥቂቷን በጥቂት ቀን ይጨርስበታል። ኩፍኝ የያዘው የተራበ ልጅ ዐይኑ የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው።

በቋንቋችን ለዚህ ጕድለት ጥሩ ስም አለ፤ ዳፍንት። ጀምበር ሲጠልቅ እየተደናበረ ዕቃ የሚያገላብጥ ልጅ ሲታይ ሽማግሌዎች ዳፍንት ያዘው ይላሉ። ብዙ ጊዜ እንደ ዐይን በሽታ ብቻ ይቈጠራል። በኢንዶኔዥያ የዐይን በሽታ ያጠና የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም አልፍሬድ ሶመርም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎት ነበር። ኋላ ግን መዝገቡን ሲያገላብጥ አንድ አስደንጋጭ ነገር አየ። ቀላል ዳፍንት የነበረባቸው ልጆች ከሌሎቹ ልጆች ወደ አራት እጥፍ ይሞቱ ነበር፤ የሚሞቱትም በዐይናቸው ሳይሆን በሳንባ ምችና በተቅማጥ ነበር። ስለዚህ ዳፍንት የዐይን ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የጎተራው መራቆት ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ነገር ከዚያም በፊት ታይቶ ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. ኤሊሰን የተባለ ሐኪም በለንደን ኩፍኝ የያዛቸውን 600 ሕፃናት በሁለት ከፍሎ ለ300ው ቪታሚን ኤ ያለበት ዘይት ሰጠ፤ ለ300ው አልሰጠም። ካልተሰጣቸው 26 ሲሞቱ ከተሰጣቸው የሞቱት 11 ናቸው። ውጤቱ ታተመ፤ ከዚያም ለሃምሳ ዓመት ያህል ተረሳ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምናልፋቸው የቆዩ መጽሔቶች ምን እንደ ያዙ ማን ያውቃል! ነገሩ ዳግመኛ የተረጋገጠው በ1990 እ.ኤ.አ. በኬፕታውን ነው። ከባድ ኩፍኝ ይዟቸው ሆስፒታል በተኙ 189 ሕፃናት ላይ በተደረገ ምርመራ 12 ልጆች ሞቱ፤ ከ12ቱ 10ሩ ቪታሚን ኤ ያልተሰጣቸው ነበሩ።

ቪታሚን ኤ ለብቻው ሁሉን አይሠራም። ሰውነት የሚዋጋበትን መሣሪያ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፤ ዚንክም ያስፈልጋል። እነዚህ ሲጐድሉ ከደረት አጥንት በስተ ኋላ ያለው፣ የመከላከያ ሕዋሳት የሚሠለጥኑበት ታይመስ የተባለው እጢ ይሟሽሻል። ትኩሳቱ በበኩሉ የቀረውን ሥጋ ያቃጥላል፤ አፍ ስለሚቈስል ልጁ አይበላም፤ የበላውንም ተቅማጥ ይወስድበታል። የተራበው ይታመማል፤ የታመመው ይራባል። ስክሪምሾውና ሁለት ጓደኞቹ በ1968 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን መተጋገዝ በሰፊው አብራርተውታል።

በዚህ ላይ የእኛ ልማድ ይጨመራል። በአንዳንድ ቤት ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ጨለማ ክፍል ይተኛል፤ ብዙ ምግብ ይከለከላል፤ መርፌም ያባብሰዋል ተብሎ ወደ ጤና ጣቢያ አይወሰድም። ብርሃን ዐይኑን ስለሚያመው በጨለማ መተኛቱን አልነቅፍም። ምግብ መከልከሉን ግን አጥብቄ እነቅፋለሁ። ስለ ጾምም ሳይነሣ አይታለፍም። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለውን ሕፃንና የታመመውን ሰው አታስገድድም። ሆኖም በብዙ ቤት ድስቱ አንድ ነው፤ ዕቃው እንዳይነካካ በመፍራት ለልጁ ብቻ ወተት ወይም ዕንቍላል አይሠራለትም፤ ስለዚህ ሕፃኑ ሳይታዘዝ ይጾማል። ጥፋቱ የሥርዐቱ ሳይሆን የድስቱ ነው።

አሁን ግን ነገሩ ሁሉ በምግብ ብቻ የሚፈታ እንዳይመስላችሁ እፈራለሁ። ጴጥሮስ ኦቢ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ፣ በአገሩ አጠራር ፒተር ኦቢ፣ በጊኒ ቢሳው የኩፍኝ ሟቾችን ሲያጠና ከመታመማቸው በፊት ከስተው የነበሩት ከሌሎቹ ይበልጥ ሞተው አላገኘም። ያገኘው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቤት ውስጥ ተጨናንቀው የሚኖሩ፣ በተለይም ከወንድማቸው ወይም ከእኅታቸው የተጋባባቸው ልጆች ይበልጥ ይሞታሉ። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከታመመ ወንድም ጋር አንድ መደብ ላይ የተኛ ልጅ ብዙ ቫይረስ በአንድ ጊዜ ይተነፍሳል ይላል። ይህን የሚከራከሩት ሊቃውንት አሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱ እውነቶች አይጣሉም፤ ረኀብና ጥበት የሚኖሩት አንድ ጎጆ ውስጥ ነውና። ይሁን እንጂ ምግብ የሰጠ ሁሉን ሰጠ ብሎ ለሚያስብ ሰው የኦቢ ሥራ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

የኅዳር በሽታም ሌላ ማስጠንቀቂያ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የገባው ኢንፍሉዌንዛ ድኻና ሀብታም አልለየም፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው በጭንቅ ተርፈዋል። በዓለም ሁሉ ያ በሽታ በብዛት የጨረሰው ከ20 እስከ 40 ዓመት የሆነውን፣ ጠንካራውንና የጠገበውን ጐልማሳ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ስናጥን የምናስታውሰው ይህን ነው። በቅርቡ ኮቪድ 19 ደግሞ ከመጠን በላይ የወፈሩትንና ስኳር በሽታ ያለባቸውን አብልጦ ጐዳ። ስለዚህ ሰውነትን ለቫይረስ የሚያጋልጠው የምግብ ማነስ ብቻ ሳይሆን የተበላሸ አመጋገብ ሁሉ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር የጠጣ ሰው ቫይረስ አይነካውም እያሉ በዶርሚታችን የሚሰብኩ ጓደኞቻችንም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ማሩ ይጣፍጣል፤ ከዚያ በላይ አልመሰክርለትም።

ወደ ቆላው እንመለስ። ገለጉ የቋራ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋን ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይበቅላል። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከደጋው ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኛ ወደ ቋራና ወደ መተማ ይወርዳል፤ በአካባቢው ሳሉግ ይባላሉ። የሚበሉት በአብዛኛው የማሽላ እንጀራ ወይም ገንፎ ነው። ማሽላ ሆድ ይሞላል፤ ነገር ግን ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ነጩ ማሽላ ቪታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። ሲበስልም ፕሮቲኑ ለመፈጨት ያስቸግራል። ሊጡ ሲቦካ ይህ ጕዳት ስለሚቀንስ እንጀራው ከገንፎው ይሻላል። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ኬሚስትሪ ተምረው አይደለም።

ከሳሉጎቹ መካከል ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ውስጥ ያለበት ሰው ሁኔታ በተለይ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ ቫይረስ ያለበት ሰው ገና ምልክት ሳይታይበት በቀን የሚያስፈልገው ኀይል በ10 በመቶ ይጨምራል፤ ምልክት ሲታይበት ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ። እንግዲህ ከንጋት እስከ ምሽት በጠራራ ፀሓይ ሰሊጥ የሚያጭድ ሰው ይህን ትርፍ ከየት ያመጣል? መድኀኒቱን ሲጀምር ሰውነቱ በጣም ከስቶ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት የመሞቱ ዕድል ከፍ ይላል። በዚያው ቆላ ካላዛር አለ። ካላዛር ቫይረስ አይደለም፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሐዋሲ ነው። ነገር ግን ኤች.አይ.ቪ.ና ረኀብ ባሉበት ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሦስቱ አንድ ላይ ይሠራሉ።

«የተራበው ለራሱ ይታመማል፤ እኔን ምን ይነካኛል?» ለሚል ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልንገረው። በቻይና ኬሻን በተባለ አውራጃ ስሙን ከዚያው ያገኘ የልብ በሽታ ነበር። የመጣውም አፈሩና እህሉ ሴሌኒየም የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚያንሰው ነው፤ ከሕመምተኞቹም ኮክሳኪ የተባለ ቫይረስ ተገኝቶ ነበር። አሜሪካዊቱ ሜሊንዳ ቤክና ጓደኞቿ ነገሩን በአይጥ ላይ ሞከሩት። ልብ የማይጐዳ ደካማ የኮክሳኪ ዐይነት ወስደው ሴሌኒየም ለተነፈጉ አይጦች ሰጡ፤ የአይጦቹ ልብ ተጐዳ። ይህ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው፣ ከእነዚያ የተራቡ አይጦች የወጣውን ቫይረስ ጥሩ ለተመገቡ አይጦች ሲሰጡ የእነርሱም ልብ ተጐዳ። በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት ቫይረሱ ራሱ በተራበው ሰውነት ውስጥ ሲራባ ተለውጦ ነበር። በኩፍኝ ላይ ይህ ሆኗል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የአንዱ ቤት ረኀብ በሌላው ቤት በሽታ ሊሆን እንደሚችል ማስረጃ አለ ማለቴ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት ደግሞ በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ በሚበቅለው እህል ውስጥ ያለው የሴሌኒየም መጠን ከቦታ ቦታ በጣም እንደሚለያይ አሳይቷል።

የቋራና የመተማ ነገር የሚያስቈጨው የሚያስፈልገው ምግብ ከአጠገቡ ስለማይጠፋ ነው። የበሰለ ማንጎና ፓፓያ፣ ዱባ፣ ጎመን፣ ሱዳናውያን ሙሉኪያ የሚሉት ቅጠል፣ ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠውን ነገር ይዘዋል። ጉበት፣ ዕንቍላልና ቅቤ ቪታሚኑን ራሱን ይዘዋል። ይህ ቪታሚን ደግሞ ያለ ቅባት ወደ ደም አይገባም፤ ቅባቱም ሰሊጥ ነው። ሰሊጡ ግን በጆንያ ተጭኖ ወደ ውጭ ገበያ ይሄዳል፤ አጫጁ ማሽላውን በሽሮ ይበላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ፤ በአማራ ክልል 46 በመቶ። ትርፍ እህል ያመርታል በሚባል ክልል ውስጥ ይህ ቍጥር መገኘቱ ማሰብን ይጠይቃል።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ግን ክትባት ነው። የጠገበ ልጅም ካልተከተበ ኩፍኝ ይይዘዋል፤ ምግብ የሚወስነው ከያዘው በኋላ የሚሆነውን ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ክትባት በ9 ወር ይሰጣል፤ በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ችግሩ በቆላው ማን በየትኛው ቀበሌ እንደሚቈጠር አለመታወቁ ነው። ለአጨዳ ከደጋ የወረደች እናት ልጇን አዝላ ከእርሻ ወደ እርሻ ትዞራለች፤ ካርዱ ከቀረበት ቀበሌ ትፈለጋለች፣ ካለችበት ቀበሌ አትታወቅም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ እጅግ ብዙ ሰው በመተማ ዮሐንስ ተሻግሯል፤ ደክሞትና ተርቦ፣ ዋድ ኮሊ ይገቡ የነበሩት ወገኖቻችን እንደ ነበሩት ሆኖ፣ መንገዱ ብቻ ተገልብጦ።

ለዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትሄዱ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ካያችሁ፣ ጤና ጣቢያ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው። ዕድሜው ዓመት ለሞላው 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ቪታሚን ኤ ዛሬ፣ ይኸው መጠን ነገ። ከ6 እስከ 11 ወር ለሆነው ግማሹ፣ ከዚያ በታች ለሆነው የዚያ ግማሽ። ዳፍንት ወይም ሌላ የዐይን ምልክት ካለው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሦስተኛ ይጨመርለታል። እንክብሉ ለስላሳ ነው፤ አፉ በመቀስ ተቈርጦ ዘይቱ በልጁ ምላስ ላይ ይንጠባጠባል።